ከሰማይ የሚጀምር ሠዓሊ

ስለ ኢምፕሬሽኒስቶች፣ የቅጽበቱን ብርሃን ለመያዝ ስለሞከሩት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ሠዓሊዎች፣ ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ሞኔ ነው። ቀጥሎ ሬኗር ይመጣል፣ ከዚያ ዴጋ። የአልፍሬድ ሲስሊ ስም የሚነሳው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ከተነሳ። እኔ ደግሞ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው እሱን ነው። ሐዋሳ ውስጥ የሥዕል መምህርት ነኝ። ከሥራ ውጭ ያለኝን ጊዜ የማሳልፈው ሐይቁ ዳር ሸራዬን አቁሜ ነው። ሐይቅ እንዴት እንደሚሣል ያስተማረኝ ይሄ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ሰውዬ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ እሱ በሰፊው ልጻፍ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሲስሊ የተወለደው በ1839 ፓሪስ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ግን እንግሊዞች ናቸው። አባቱ ሐርና ሰው ሠራሽ አበባ የሚነግድ፣ ኑሮው የተደላደለ ሰው ነበር። ልጁ እንዲተካው ፈልጎ በ1857 ንግድ እንዲማር ለንደን ላከው። ልጁ ግን ለንደን ላይ ልቡ የሸፈተው ወደ ሥዕል ነው። ተርነርንና ኮንስታብልን አየ። ሁለቱም ደመናን እንደ ዋና ነገር የያዙ ሠዓሊዎች ናቸው። ፓሪስ ሲመለስ ንግዱን ተወው። በ1862 ግሌይር የሚባል መምህር ስቱዲዮ ገባና ከሞኔ፣ ከሬኗርና ከባዚል ጋር ተዋወቀ። ወጣቶቹ የቤት ውስጥ ሥራው ሲሰለቻቸው ቀለማቸውን ተሸክመው ፎንቴንብሎ ጫካ ይሄዱ ነበር።

ያኔ ቀለብና ኪራይ ከአባቱ ነበር፤ ሥዕሉ ተሸጠ አልተሸጠ አያስጨንቀውም። በ1870 የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት መጣ። ባዚል ዘመተና እዚያው ቀረ። የሲስሊ አባት ከሰረ። ሲስሊ ራሱ በዚያ ጊዜ ኧዤኒ ከምትባል ሴት ጋር ይኖራል፤ ሁለት ትንንሽ ልጆችም አሏቸው። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ ችግር ከቤቱ አልወጣም።

ሰው ሲቸግረው ወደሚሸጠው ይሄዳል። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ እኔም ብሆን የልጆች ልደት ላይ የሚሰቀል ሥዕል ሠርቼ አውቃለሁ። ሬኗር የሀብታም ቤተሰቦችን መልክ ሣለ፤ ኑሮውም ተቃና። ሲስሊ ግን ወንዝ፣ መንገድ፣ ድልድይ፣ በረዶ፣ ዛፍ፣ እንደገና ወንዝ። ወደ 900 የሚጠጉ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ትቶ ሄዷል። ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም መልክዓ ምድር ናቸው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ደጅ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ሲጠይቅ ኖረ፦ ዛሬ ብርሃኑ ምን ይመስላል?

ስለዚህ «ሲስሊ አላደገም» የሚለውን ወቀሳ አልቀበልም። ፒሳሮ በነጥብ በነጥብ መሣልን ሞክሮ ተመለሰ፣ ሬኗር ወደ ጥንቶቹ ጌቶች ዞረ፣ ሞኔ እስከ እርጅናው ተለዋወጠ፤ ሲስሊ ግን ባለበት ቆመ ይሉታል። አንደኛ፣ ሥዕሎቹን በዓመታቸው ደርድሮ ያየ ሰው ይሄን አይልም። የ1870ዎቹ ቀለም ስስና ለስላሳ ነው። የ1890ዎቹ ወፍሯል፣ ደምቋል፣ የቡርሹ ምት ለዓይን ይታያል። ሁለተኛ፣ አንድ ቦታ ላይ መቆየት ስንፍና የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ሐዋሳ የሚኖር ሰው ይሄን ያውቃል። ሐይቁ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይና ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሐይቅ አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሲስሊ ለወዳጁ ለሥዕል ሐያሲው ለአዶልፍ ታቬርኒዬ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ሥዕሉን ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሰማዩ እንደሆነ ይናገራል። ሰማይ እንዲሁ ከኋላ የሚለቀለቅ ጀርባ አይደለም ባይ ነው። ጥልቀት አለው፣ ይንቀሳቀሳል፣ ከታች ያለውን ሁሉ የሚገዛው እሱ ነው።

ይሄን ያነበብኩ ሰሞን ተማሪዎቼን አሰብኩ። ለትንንሽ ልጆች «ሐይቅ ሣሉ» ስትሏቸው ከወረቀቱ አናት ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር ያሰምራሉ። ያ ሰማይ ነው። ከታች ሌላ ሰማያዊ ያሰምራሉ። ያ ሐይቅ ነው። መሃሉ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ከክፍል አውጥቼ «ሰማዩ የት ነው የሚያልቀው?» ስላቸው ቀና ይላሉ፣ ከዚያ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ይወርዳል። እስከ አጥሩ፣ እስከ ዛፉ ሥር። አንዷ ልጅ «ሚስ፣ መሬት ድረስ መጥቷል እኮ!» ብላ ጮኸች። ሲስሊ ዕድሜ ልኩን የሠራበት ነገር ይሄው ነው።

ሐይቅ የራሱ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። ከእግራችሁ ሥር ያለውን ውሃ ወደ ታች ስታዩት ውስጡ ይታያችኋል፤ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ደለል። ራቅ ያለውን ስታዩ ደግሞ የምታዩት ሰማዩን ነው። ውሃው ረጋ ሲል ከአድማስ አጠገብ ያለውን ፈዛዛ ሰማይ ይመልሳል፤ ስለዚህ ነጣ ይላል። ነፋስ ሲነሳና ትንንሽ ሞገድ ሲፈጠር እያንዳንዷ ሞገድ ወደ እኛ ዘንበል ትልና ከፍ ያለውን፣ ጠቆር ያለውን ሰማይ ታሳያለች። ጠዋት ብር የሚመስለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ድንገት ጠቆር የሚለው ለዚህ ነው። ጥቁር ዛፍ ውሃ ላይ ሲያርፍ ከራሱ ትንሽ ይፈካል። ብሩህ ደመና ደግሞ ትንሽ ይደበዝዛል። የሲስሊን የወንዝ ሥዕሎች በስልክ አጉልታችሁ እዩ፤ ይሄ ሁሉ ሥርዓቱን ጠብቆ አለ። ውሃው ላይ ያሉት አጫጭር አግድም ምቶች ቀለማቸውን የተዋሱት ከላይ ካለው ደመና ነው።

አንድ ጠዋት አሞራ ገደል አካባቢ ገና ሰማዩን ብቻ ጨርሼ ሳለ አንድ ሸምገል ያሉ ዓሣ አጥማጅ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። መረባቸውን ትከሻቸው ላይ እንደያዙ ነው።

«ሐይቁስ ልጄ?» አሉኝ።

«ይመጣል አባባ። ሰማዩን ካልጨረስኩ ሐይቁ ምን እንደሚመስል አላውቅም።»

ቀና ብለው አዩ፣ ከዚያ ሸራውን አዩ። «እኛም ጀልባ ከመግፋታችን በፊት እሱን ነው የምናየው» አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ «ጀልባዬን ግን እንዳትተዪያት። አረንጓዴዋ ናት።»

አልተውኳትም። አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎችም ጨምሬያለሁ፤ እነሱ ባይጠሩም ራሳቸው ከፊት መጥተው ይቆማሉ።

ሲስሊን እየተከተሉ እዚህ መሥራት ቀላል አይደለም። የእሱ አገር ብርሃንና የእኛ ይለያያል። ፓሪስ አካባቢ በእነሱ በጋ ፀሐይ አግድማ፣ ቀስ ብላ ነው የምትገባው። ምሽቱ ይረዝማል፤ ሠዓሊው ጊዜ አለው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፣ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ጨለማ ነው። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አናት ላይ ስለምትቆም ጥላ ከዛፉ ሥር ይሸጎጣል፤ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል። ከተማዋ ያለችው ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችን ሆና ማዶ ያሉትን ተራሮች ታበራለች። ማታ ፊት ለፊታችን ትገባለች። ስለዚህ የምሠራው ጠዋት ነው። ማታ ፀሐይዋን እያዩ መሣል ዓይን ያቃጥላል።

ቀለሙም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አክሪሊክ ይረክሳል፣ ግን የሐይቁ ነፋስ ቡርሹ ላይ ያደርቀዋል። የዘይት ቀለም ውድ ነው፤ ሁልጊዜም አይገኝም። ቢሆንም ለእንዲህ ያለ ሥራ ዘይት ይሻላል፣ እርጥቡን በእርጥብ ላይ መሥራት ይፈቅዳል። ሸራ የምሠራው ከአቡጀዲ ነው፤ ወጥሬ በኮላና በነጭ ቀለም እቀባዋለሁ። ኢምፕሬሽኒስቶችም ብዙ ጊዜ ከስር ፈዛዛ ቀለም ይቀቡ ነበር፤ ከዚያ በፊት ብዙ ሠዓሊ ከጥቁር ቡናማ ነበር የሚነሳው። ፈዛዛው መነሻ ከላይ ያለውን ቀለም ያበራዋል። ቀጭን የምፈልገውን በአኳራጅ አቀጥናለሁ። ወፍራሙን እንዳለ።

ቀለም ተሸክሞ ደጅ መውጣት ራሱ የተቻለው ጆን ጎፍ ራንድ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1841 የብረት ቱቦ ስለፈጠረ ነው። ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ቀለም የሚያዘው በአሳማ ፊኛ ነበር። ይቀደዳል፣ ይደርቃል። እንደ ጥርስ ሳሙና ተጨምቆ የሚዘጋው ቱቦ ሲመጣ ሠዓሊው ወንዝ ዳር ሄዶ አንድ ሥዕል እዚያው መጨረስ ሆነለት።

ሌላው ያስተማረኝ ነገር ጥላ ነው። ጥላ ጥቁር አይደለም። የፀሐይ ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ላይ የሰማዩ ብርሃን ይደርሳል፤ ስለዚህ ጥላ ወደ ሰማያዊና ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። ሲስሊ የበረዶ ሥዕሎቹ ላይ ያለው ጥላ በሙሉ እንዲህ ነው። በረዶ የለንም። ግን ፍቅር ሐይቅ ዳር ባሉት ዋርካዎች ሥር፣ ረፋድ ላይ፣ አሸዋማው መሬት ላይ ያለውን ጥላ ልብ ብላችሁ እዩት። ሐምራዊ ነው። ሰው ይሄን ስነግረው መጀመሪያ አያምነኝም፣ ከዚያ ያየዋል፣ ከዚያ በኋላ ሳያየው ማለፍ አይችልም።

የሆቴል ሥዕሎቻችን የሚያሳዝኑኝ ለዚህ ነው። ብርቱካናማ ሰማይ፣ ጥቁር ጀልባ፣ ጥቁር ሰው፣ ጥቁር ወፍ። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። እንዲህ ዓይነት ሥዕል ተጠይቄ አውቃለሁ፣ ጥቁሩን ሰማያዊ ሳደርገው «ፀሐይዋን አስተካክያት» ተብዬ ተመልሶልኛል። ጥቁር ቀለም ከቱቦ አውጥተው የሚቀቡት ጀልባ ከየት ብርሃን ያገኛል? ሐዋሳ የምትጠልቅ ፀሐይ ብቻ አይደለችም። የክረምቱ ግራጫ አለ። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ታቦር ተራራ ላይ የሚያርፍ አረንጓዴ አለ። ማንም አይሠራውም።

ሲስሊ ግራጫን የሚሠራ ሰው ነበር። ይሄን በደንብ የሚያሳየው የ1876ቱ የጎርፍ ሥዕል ነው። ያኔ ማርሊ ለ ርዋ የሚባል ቦታ ይኖራል። በዚያው አካባቢ ያለው ፖር ማርሊ መንደር በሴን ወንዝ ተጥለቀለቀ። ሲስሊ ሸራውን ይዞ ወረደ፤ ስለዚያ ጎርፍ ስድስት ሥዕል ሠራ። በጣም የታወቀው 60 በ81 ሳንቲ ሜትር ነው። በግራ በኩል የወይን ነጋዴው ቤት ቆሟል። መንገዱ ውሃ ሆኗል። ሰዎች በትንንሽ ጀልባ ቤቱ አጠገብ አሉ። በቀኝ በኩል ቅጠላቸውን ያራገፉ ዛፎች ከውሃው ውስጥ ወጥተዋል። ከሸራው ብዙውን የያዘው ደግሞ ደመና ነው፤ ነጭ፣ ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ እየተጓዘ።

ማንም አይጮኽም። ማንም እጁን አያነሳም። አንዳንዱ ሰው ይሄን ሲያይ «የሰው ጭንቀት አልታየውም ወይ?» ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። የእኛን ሐይቅ አስቡት። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ ውሃው ሲጨምር ወደ ዳር ይገፋል። አሁን ማታ ማታ የምንንሸራሸርበት ግድብ የተሠራው ሐይቁ ወደ ከተማዋ እንዳይመጣ ነው። ውሃ ሲጨምር ዳር የነበሩ ዛፎች ግንዳቸው ውሃ ውስጥ ይቀራል። እዚያ ቆሞ የሚያይ ሰው የሚሰማው ጩኸት አይደለም። ጸጥ ያለ ነገር ነው። ውሃው ቸኩሎ አይደለም የሚመጣው። ሰዉም ሥራውን ይቀጥላል፤ ጀልባ ይስባል፣ ዕቃ ያሻግራል። ሲስሊ የሣለው ይሄንን ነው። ከመንደሩ ሰዎች ጋር ስለኖረ ያውቀዋል፤ ለማስደንገጥ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ አይደለም። ያንን ቤት ቀጥ አድርጎ ማቆሙ፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ መሥራቱ ለእኔ አክብሮት ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ከጎርፉ ሁለት ዓመት በፊት፣ ሚያዝያ 1874 ላይ፣ ጓደኛሞቹ ፓሪስ ውስጥ ፎቶ አንሺው ናዳር ለቆት በነበረ ስቱዲዮ የራሳቸውን ኤግዚቢሽን ከፍተው ነበር። «ሳሎን» የሚባለው ኦፊሴላዊው የሥዕል ኤግዚቢሽን ደጋግሞ ስለመለሳቸው ነው። ሉዊ ለርዋ የሚባል ጋዜጠኛ የሞኔን የፀሐይ መውጫ ሥዕል ስም ይዞ ሊሳለቅ «ኢምፕሬሽኒስቶች» አላቸው፤ ስሙ ተጣበቀ። ሲስሊ እዚያ ነበር። ከስምንቱ የቡድኑ ኤግዚቢሽኖች በአራቱ ተሳትፏል። ገበያው ግን እምቢ አለው። የሚገዛው ነጋዴ ፖል ዱራን-ሩዌል ራሱ በ1882ቱ የባንክ ቀውስ ተመታ።

ሲስሊ ኑሮ ከሚወደድባት ፓሪስ እየራቀ በ1880 ሎይን ወንዝ ወዳለበት ወደ ሞሬ ከተማ አካባቢ ሄደ። እስኪሞት እዚያው ቆየ። ድልድዩን፣ የቦይ ዳሩን፣ የባሕር ዛፍ ያህል የሚረዝሙትን የፖፕላር ዛፎች ደጋግሞ ሣለ። በ1893 እና በ1894 የከተማዋን ቤተ ክርስቲያን በተለያየ ሰዓትና የአየር ሁኔታ ሠራ። በዚያው ዘመን ሞኔ የሩዋን ከተማን ካቴድራል ይሥል ስለነበረ ሁለቱን ያወዳድሯቸዋል። ሞኔ በጣም ቀርቦ ድንጋዩን ወደ ብርሃን ያሟሟዋል፤ ሰማዩ ጠባብ ነው። ሲስሊ ግን ራቅ ይላል። ቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ እንደሆነ ይቀራል፤ ክብደት አለው፣ ጎኑ መንገድ አለ፣ ላዩ ላይ ሰማይ አለ። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ለሰነፍ ነው። እኔ ግን ፒያሳ ወርጄ የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ስሥል የምከተለው ሲስሊን ነው። ባጃጁ፣ አደባባዩ፣ ነጠላ የለበሱት እናቶች፣ ከዚያ ሰማዩ። እነዚህን ቆርጬ ብጥላቸው ቦታው ሌላ ቦታ ይሆናል።

በ1897 አንድ ደጋፊ አግኝቶ ወደ ዌልስ ሄደ። ከኧዤኒ ጋር ብዙ ዓመት ከኖሩና ልጆች ካሳደጉ በኋላ ካርዲፍ ላይ በሕግ ተጋቡ። ያን ጊዜ ሁለቱም ታመዋል። ዕድሜ ልኩን ረጋ ያለ ወንዝ ሲሥል የኖረ ሰው እዚያ ገደል ላይ ቆሞ ባሕር ሣለ። ላንግላንድ በሚባል ዳርቻ አንድ ትልቅ ቋጥኝ አለ፤ ማዕበሉ ይመታዋል። ሐምራዊና ሮዝ ቋጥኝ፣ አረንጓዴ ውሃ፣ በወፍራም ምት። «አላደገም» የሚሉት ሰዎች ያንን ሥዕል እንዴት እንደሚያልፉት አይገባኝም።

ኧዤኒ በጥቅምት 1898 አረፈች። ሲስሊ የፈረንሳይ ዜግነት ጠይቆ አልተሰጠውም፤ እንደገና ሲያመለክት ሕመሙ ቀደመው። ፓሪስ ተወልዶ፣ ፈረንሳይን ሲሥል ኖሮ፣ እንግሊዛዊ ሆኖ ሞተ። የጉሮሮ ካንሰር ነበር። ጥር 29 ቀን 1899፣ በ59 ዓመቱ። ሊሞት አካባቢ ሞኔን አስጠርቶ ልጆቹን አደራ ብሎት ነበር። ሞኔ አደራውን በላ አይባልም፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ለልጆቹ ጨረታ አዘጋጀላቸው።

የጎርፉ ሥዕል መጀመሪያ የተሸጠው በ180 ፍራንክ ነበር። በ1900፣ ሲስሊ በሞተ በዓመቱ፣ ኢሳክ ደ ካሞንዶ የሚባል ሀብታም ያንኑ ሥዕል በ43,000 ፍራንክ ገዛው። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ። ሥዕሉ በመሃል አልተለወጠም። ያው ደመና ነው፣ ያው ቤት ነው። ኧዤኒ ስትታመም ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ቢኖር ምን ነበረበት?

ካሞንዶ ሥዕሉን ለመንግሥት ተናዘዘ፤ አሁን ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ነው። ጥራት ያለው ፎቶ በነፃ ይገኛል። «ፖር ማርሊ ጎርፍ፣ ሲስሊ» ብላችሁ ፈልጉና አጉልታችሁ እዩት። ወደ ቤቱና ወደ ጀልባዎቹ ከመሄዳችሁ በፊት ከላይ ካለው ደመና ጀምሩ፤ ከዚያ ያው ቀለም ውሃው ላይ የት የት እንዳረፈ ፈልጉ። ሐዋሳ ያላችሁና ቀለም ያላችሁ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አሞራ ገደል አላችሁ፤ ለሁላችንም የሚበቃ ቦታ አለ። ነፋሱ ከሰዓት ስለሚነሳ ማልዳችሁ ኑ።